ሽቦ ቀጣዩ ወንድሜ

ሞጣ ላይ ወንድሜን «ኢንጂነር» ነው የሚሉት። ዘጠነኛ ክፍልን ያልጨረሰ ሰው ኢንጂነር ተብሎ ሲጠራ ስሰማ ሳቄ ይመጣል፤ እሱ ፊት ግን አልስቅም። መናኸሪያው አጠገብ ካለችው ክፍሉ ደጃፍ ሚኒባሶች ተራ ይዘው ይቆማሉ። ቴፕ ለማስገጠም ብሎ ከባሕር ዳር ድረስ የሚመጣለት ሰው አለ። እኔ ቢቸና መውጫ ላይ ሱቄን ከፍቼ የምውል ሴት ነኝ፤ ስለ ሽቦ የማውቀው ነገር የለም። አካለ ወልድ ይህን ስም እስኪያገኝ ያየውን መከራ ግን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ግማሹን ያየው እኔው ግቢ ውስጥ ነው።

አባታችን መሪጌታ ወልደ ኪዳን የዜማ መምህር ነበሩ። አካለ ወልድን ገና በልጅነቱ አጠገባቸው አስቀምጠው ሲያስተምሩት፣ አንዴ የሰማውን አይስትም ነበር። ከአጥር ማዶ ሰው ቢያስል ማን እንደሆነ ይናገራል። አባታችን በዚያ ጆሮ ይመኩ ነበር፤ «የሚተካኝ እሱ ነው» ይሉ ነበር። የልጁ ልብ ግን መንገድ ላይ ነበር። ከደጀን የሚመጣ አውቶቡስ ሲቆም ሰው ሁሉ ዘመድ መጣ አልመጣ ብሎ ወደ በሩ ሲያይ፣ እሱ ሾፌሩ መስኮት ሥር ሄዶ ቴፑን ይሰማል። ተመልሶ ሲመጣ ስለ ዘፈኑ አይነግረንም። «የግራው ስፒከር ተቀዷል» ነው የሚለን።

ጎረምሳ ሲሆን አንድ የእህል ነጋዴ ፒካፑን አመጣለት። ምን ነክቶት እንደሰጠው እስካሁን ይገርመኛል። ወንድሜ ፊውዝ የሚባል ነገር መኖሩን አያውቅም፤ ሽቦውን ከባትሪው በቀጥታ ስቦ ቴፑ ላይ ቀጠለው። ዘፈኑ ጀመረ፣ ሰው ተሰበሰበ፣ የእኔ ወንድም ደረቱን ነፋ። ዘፈኑ ሳያልቅ ከወንበሩ ሥር ጭስ ይወጣ ጀመር። ነጋዴው «ኧረ የሰው ያለህ!» እያለ መኪናውን ሲዞር፣ አካለ ወልድ ጎንበስ ብሎ የጋለውን ሽቦ በጥርሱ ነክሶ በጠሰው። መኪናው ተረፈ። የከንፈሩ ጠባሳ ግን ዛሬም አለ፤ ጺሙን የሚያሳድገው ለመልክ እንዳይመስላችሁ።

ወሬው አባታችን ጋ ሲደርስ አልጮሁም። ቀና ብለው አዩትና «ያን ጆሮ ይዘህ ሽቦ ቀጣይ ሆንክ?» አሉት። በቃ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰፈሩ ሁሉ «ሽቦ ቀጣይ» አለው። ቧንቧ ላይ የሚያገኙት ሴቶች እንኳ «ሽቦ ቀጣይ፣ እንዴት አደርክ?» ይሉት ነበር። ስቆ ያልፋል፤ ቤት ሲገባ ግን እህል አይቀምስም። «እታለም፣ ባለሙያ ሳልባል አልሞትም» አለኝ አንድ ቀን፤ ከዚያ አዲስ አበባ ገባ።

ሶማሌ ተራ አካባቢ የመኪና ቴፕ የሚገጠምበት ቤት ተቀጠረ፤ ያም መቀጠር ከተባለ። ሥራው መኪና ማጠብና ዕቃ ማቀበል ነበር። ባለሙያዎቹ ዋናው ነገር ላይ ሲደርሱ ጀርባቸውን ያዞሩበታል፤ ወይም «ሂድ፣ ሻይ አምጣ» ይሉታል። እሱ ታዲያ ከመሄዱ በፊት ድምፁን ልብ ብሎ ያዳምጣል፤ ሻዩን ይዞ ሲመለስ ደግሞ እንደገና ያዳምጣል። የተለወጠውን በጆሮው ይይዝና «ምን ቢያደርጉት ነው እንዲህ የሆነው?» እያለ ያሰላስላል። ስፒከር የሚቀመጥበትን፣ ሽቦ የሚታሰርበትን፣ የበር ላሜራ እንዳይንቀጠቀጥ በስፖንጅና በሞኬት የሚለበጥበትን መንገድ ሁሉ እንዲህ በስርቆት ተማረው። ከዓመታት በኋላ ሲመለስ ጉንጩ ገብቶ፣ ዓይኑ ጎድጉዶ ነበር። ካቻቪቴ፣ ፒንሳና ቴስተር የያዘች የቆርቆሮ ሳጥኑን ግን እንደ ጽላት አቅፎ ነው ከአውቶቡስ የወረደው።

ሳጥኑን ተሸክሞ ቢቸና መናኸሪያ ቢመላለስ መኪናውን የሚሰጠው ሰው ጠፋ። ሾፌር እንደሆነ ክፉ ወሬ አይረሳም። «የእሳት አደጋ መኪናም አብሮህ ይመጣል?» አለው አንዱ። ሌላው ሲያየው ጭስ እንደሸተተው ሰው አፍንጫውን ይይዛል። በመጨረሻ «ደጀን ወርጄ ከጭነት መኪና ላይ ሲሚንቶ አወርዳለሁ» ብሎ ልብሱን ማጠፍ ሲጀምር ነው እኔ ባሌን የያዝኩት።

ባሌ የኔሰው ከቢቸና ሞጣ የሚሠራ ነጭ ሚኒባስ ነበረው። ሰው አክባሪ፣ ሳቂታ ሰው ነው፤ መኪናው ላይ ግን ቀልድ አያውቅም። እኔ እንኳ በሯን ጠበቅ አድርጌ ከዘጋሁ ይቆጣኛል። ለወንድሜ ብዬ ስለምነው መጀመሪያ ጭራሽ አልሰማኝም። ምሳ ሲበላ ነገርኩት፣ እግሩን ሲታጠብ ነገርኩት፣ ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ ነገርኩት። ሲሰለቸው አካለ ወልድን ጠራው።

«ስማ» አለው፣ «መኪናዬን ካሳመርክልኝ፣ ሞጣ መናኸሪያ ጥግ ያለችውን ክፍል ለምኘ አሰጥሃለሁ። ባለቤቱ ይሰማኛል። ሾፌሮቹንም እኔው አመጣልሃለሁ። ካበላሸህብኝ ግን ሳጥንህን ይዘህ ደጀን ትወርዳለህ፤ ሁለተኛ እኔ ፊት ስለ ቴፕ አታነሳም።»

«እሽ ጋሼ» አለ ወንድሜ። ወዲያው ሳጥኑን ሊያመጣ ገባ።

የዚያችን መኪና የድሮ ድምፅ ሳላወራችሁ አላልፍም። ዘፈኑ ምንም ይሁን ምን፣ ከኋላው ዝርርር የሚል ነገር ነበረው። የፈለገ ብርሃን ሰው፣ የቀራንዮ ሰው፣ በየመንገዱ ያለው ገበሬ ያን ሲሰማ «የኔሰው መጣ» ብሎ ዕቃውን ተሸክሞ ይወጣል። እኔ ደግሞ ማታ ማታ ከደብረ ወርቅ በኩል ኩርባው ላይ ስትደርስ እሰማታለሁ። ያኔ የእግር ውሃ እጥዳለሁ፤ ውሃው ሲሞቅ እሱ በሩን ያንኳኳል። ልጆቻችን ደግሞ ድምፁን ሲሰሙ ኳሳቸውን ጥለው ይሮጡና ደብተራቸው ላይ ይደፋሉ። አባታቸው ሲገባ «እንዴት ያሉ ጎበዝ ልጆች ናቸው» ይላል፤ እኔም አላጋልጣቸውም። ቤታችን የሚተዳደረው በዚያ ዝርርታ ነበር። ሁላችንም ከአሮጌው ቴፕ የሚወጣ ይመስለን ነበር።

መኪናዋ ግቢያችን ገባች። ወንበሮቿ ወጥተው የዶሮዎቼ ቆጥ ሥር ተደረደሩ። አካለ ወልድ አሮጌውን ቴፕ አወጣ፤ ሽቦውን ሁሉ በአዲስ ቀየረ፤ ፊውዝማ ከሚያስፈልገው በላይ አስገባ። ከንፈሩን ሳያስታውስ የቀረ አይመስለኝም። በሮቹን ከውስጥ ፈታ፣ ላሜራውን በማስቲሽ ስፖንጅ ለጠፈበት፣ በላዩ ላይ ሞኬት ደረበበት። ማስቲሹ ቤቱን ሁሉ አገማው፤ ለምኜም ተቆጥቼም ላስቆመው አልቻልኩም። ሲጨርስ የኔሰውን የሾፌር ወንበር ላይ አስቀመጠው፣ በሮቹን ሁሉ ዘጋጋ፣ ዘፈኑን ከፈተ።

የኔሰው ጆሮውን ወደ ስፒከሩ አዘነበለ። ከዚያ «ዘፋኟ እዚህ ፊቴ ቆማለች እኮ!» አለ።

ሌሎቹ ሾፌሮችም እየተፈራረቁ ገብተው ሰሙ። አፍንጫውን ይይዝ የነበረው ሰውዬ ከመኪናዋ አልወርድም አለ። ወንድሜ ጥግ ላይ ቆሞ የሽቦ ማሸጊያ ናስትሮ እየጠቀለለ ዓይኑን ከመሬት አላነሳም፤ እንባ ሞልቶበት ነበር። እኔ ግን በግልጽ አለቀስኩ፤ ማንን እፈራለሁ?

ደስታው ሳምንት አልዘለቀም። መኪናዋ ግማሽ ባዶ ትመላለስ ጀመር። ቀራንዮ ላይ ሰው አይወጣም፤ የፈለገ ብርሃን ደንበኞቿ ከኋላዋ በመጣችው ይሳፈራሉ። የኔሰው «ሰዉን ምን አስቀየምኩት?» እያለ ተብሰለሰለ። መናኸሪያ ውስጥ ግን መልሱ ቶሎ ተገኘ፤ «የአካለ ወልድ እጅ ከባድ ነው» ተባለ። እኛ ዘንድ እጁ ከባድ የተባለ ሰው አለቀለት። ዘር አያስጀምሩትም፣ ሱቅ አያስከፍቱትም፣ በጠዋት መንገድ ሲወጡ እሱን ማግኘት እንኳ አይፈልጉም። የክፍሏ ባለቤትም «እስቲ ትንሽ እንቆይ» ብሎ ላከ፤ ምን ማለቱ እንደሆነ ሁላችንም ገባን። የኔሰው ራሱ ማመን ጀመረ። ወንድሜ ሳጥኑን ዘግቶ አልጋ ሥር አስገባት።

አንድ ምሽት ሱቄን እየዘጋሁ ሳለ የግቢው በር ተንኳኳ። ስከፍተው የኔሰው ነው።

«ማን አመጣህ?» አልኩት።

«እንዴት ማን አመጣህ? በመኪናዬ ነዋ የመጣሁት!»

አሻግሬ ሳይ እውነትም መኪናዋ ቆማለች። ውሃ አልጣድኩም። ልጆቹም ኳሳቸውን እንደያዙ ከአባታቸው ጋር ተፋጠዋል። የኔሰው ይቆጣል። ከዚያ በፊት ባሉት ቀኖችም የእግር ውሃው ሳይጣድ ይደርስብኝ ነበር፤ ሥራ በዝቶብኝ ነው ብዬ ራሴን ስወቅስ ነው የሰነበትኩት። ያን ማታ ግን ነገሩ ገባኝ።

ጠዋት ወንድሜን ልብሱን ሲያጥፍ አገኘሁት።

«አካሌ፣ መኪናዋን እኮ አልሰማኋትም።»

«ምን ማለት ነው?»

«ዱሮ ኩርባው ላይ ስትደርስ ነበር የምሰማት። አሁን ደጄ ላይ ቁማ እንኳ አላወቅኋትም። የቀራንዮ ሰውም የማይወጣው ስላላወቃት ነው።»

ተናደደብኝ። «እታለም፣ ድምፁን ከበፊቱ እጥፍ እኮ ነው ያሳደግሁት! ውስጥ ገብተሽ አልሰማሽም?»

«እኔ ውስጥ ምን እሠራለሁ? እኔ ውጭ ነኝ! የቀራንዮም ሰው ውጭ ነው!» አልኩት። እኔም ስናደድ ድምፄ ቀላል አይደለም።

ልብሱን ጣለው። የኔሰውን ለምኖ መኪናዋን ከኩርባው ማዶ እንዲወስዳትና ዘፈን ከፍቶ እንዲመለስ አደረገው። እኔና ወንድሜ መንገድ ዳር ጀርባችንን ለመንገዱ ሰጥተን ቆምን። አንድ መኪና አለፈ። «እሷ ናት?» አለኝ። «አይደለችም» አልኩት። ሌላ መኪና አለፈ። «እሷስ?» «እሷም አይደለችም።» ወዲያው ከጀርባችን አለፍ ብሎ ጡሩንባ ተነፋ። ዞር ስንል የኔሰው አልፎን ሄዶ ቆሟል፤ ሁለታችንም አላወቅነውም።

ያ አንዴ የሰማውን የማይስት ጆሮ ያን ቀን ደነገጠ። አካለ ወልድ ዓይኑን ጨፍኖ ቆየ፤ የድሮውን ድምፅ በልቡ ይፈልግ ነበር። ከዚያ እየሮጠ ሄዶ የኋላውን በር ከፈተና ሞኬቱን በጥፍሩ ይነጨው ጀመር። ስፖንጁን ገሽልጦ ጣለ። በሩን ዘጋ፣ ዘፈኑን ከፈተ። ዝርርር አለ። ለካ የኋላ በሩ ላሜራ ነው፤ የዘፈኑ ወፍራም ድምፅ፣ ቤዙ፣ በመታ ቁጥር የሚንዘረዘረው እሱ ነው። አሮጌው ቴፕ ምንም አልነበረበትም።

ወንድሜ አፈሩ ላይ ቁጭ አለ። «ይሄ እኮ ጉድለት ነው» አለ። «ይሄን ለማጥፋት ነው እኔ ያን ሁሉ ዓመት የተንከራተትኩት።»

«ካጠፋኸው አይቀር ባሌንም ይዘኸው ጠፋህ!» አልኩት። መጀመሪያ የሳቀው የኔሰው ነበር፤ ከዚያ ሦስታችንም መንገድ ዳር ሆነን እንደ እብድ ሳቅን።

ውስጧን እንደሠራው ተወው፤ ተሳፋሪው ጥርት ያለውን ይስማ ብሎ። የኋላ በሯን ግን ራቁቱን አስቀረው። ቀራንዮ ላይ ሰው ዕቃውን ተሸክሞ ይወጣ ጀመር፤ ከባድ የተባለውም እጅ ቀና ተባለ። የኔሰው ቃሉን ጠበቀ፤ ክፍሏ ተሰጠች፤ ሾፌሮቹም መጡ። ከዚያ ወዲህ አካለ ወልድ መኪና ሠርቶ ሲጨርስ ውስጥ ተቀምጦ አይፈትናትም። መንገድ ዳር ወርዶ ጀርባውን ይሰጥና ሾፌሩን «ንዳ» ይለዋል። የሚጠብቃት ሰው እንዲለያት፣ ለእያንዳንዷ መኪና የራሷን የውጭ ድምፅ ያበጅላታል። ኢንጂነር ያሰኘው ይኸው ነው። አባታችን እስከ ዕለተ ሞታቸው «ሽቦ ቀጣይ» ማለታቸውን አልተዉም፤ ሞጣ ሲሄዱ ግን እሱ የሠራው መኪና ካልመጣ አይሳፈሩም ነበር።

ደግ ዘመን ነበር። ሀብት አልነበረንም፤ ማታ ማታ ግን የሚመጣ ሰው ነበረን። ዛሬ የሚናፍቀኝ ትልቅ ትልቁ ነገር አይደለም፤ ሠርጌ እንኳ አይናፍቀኝም። የሚናፍቀኝ ያ ዝርርታ ከተሰማ በኋላ በሩ እስኪንኳኳ ያለው ጊዜ ነው። ውሃው ሲንሾካሾክ፣ ልጆቹ ደብተር ሲፈልጉ፣ እኔ ነጠላዬን ሳስተካክል።

የኔሰው ታሞ ብዙ አልቆየም። ኩላሊት ነው አሉን። ከቀበርነው በኋላ መኪናዋ ግቢ ውስጥ ቆማ ዝናብ ሲመታት ማየት አልቻልኩም፤ ዘመነ ለሚባል የሞጣ ሰው ሸጥኳት። ዘመነም እዚያው መስመር ላይ አሠማራት። ሥራ በጀመረች ቀን ማታ፣ ሱቄን ስዘጋ ኩርባው ላይ ሰማኋት። ገብቼ ውሃ ጣድኩ። ውሃው ፈልቶ ክዳኑን ሲያንኳኳው ነው ምን እያደረግሁ እንደሆነ የታወቀኝ። ለልጆቼ አልነገርኳቸውም። ለአካለ ወልድ ብቻ ደወልኩለት።

«ላጥፋልሽ?» አለኝ። «ዘመነን አናግረዋለሁ፤ የግማሽ ቀን ሥራ ናት።»

«እንዳትነካት!» አልኩት። «ለትንሽ ጊዜም ቢሆን የሚመጣ ይመስለኛል።»

«እሽ እታለም። አልነካትም።»

እንዲህ ሆነን ኖርን። አንዳንድ ማታ ዛሬም እጄ ይስተኛል፤ ውሃ እጥዳለሁ። ሲሞቅ እኔው እታጠብበታለሁ።

በቀደም ዕለት ዘመነ መኪናዋን ሱቄ ደጃፍ አቁሞ የታሸገ ውሃ ሊገዛ ገባ። የማን መኪና እንደነበረች ያውቃል፤ ለእኔ ምን እንደሆነች ግን አያውቅም። ፊቱ ጠቁሯል።

«እትዬ ምስራቅ፣ ያን ወንድምዎን አገር ሁሉ በከንቱ ነው ለካ የሚያወድሰው!»

«ምን ሁነህ ነው?»

«ስክሪን አስገጠምኩ፣ ስፒከር አስቀየርኩ። ሁሉን ሠራና አንዷ ነገር ቀረች። ይሄን የኋላ በር ዝርርታ አጥፋልኝ አልኩት። ዛሬ ተሳፋሪው ስልክ ደውሎ ነው የሚጠብቀኝ፤ ዝርርታ ምን ያደርግልኛል? ሰው እየሳቀብኝ ነው። ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? ‹ከብረቷ ነው፤ ማንም አይችለው፣ እኔም አልቻልኩም› አለኝ። መናኸሪያው ሙሉ እየሰማ! ሾፌሮቹ ሲስቁበት ዋሉ፤ የድሮውን የፒካፕ ጭስ ሁሉ አነሱበት። እሱ እቴ፣ አንገቱን ደፍቶ ሳጥኑን ዘጋ።»

ውሃውን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። የግማሽ ቀን ሥራ ናት። ያን በር ዝም ሲያሰኘው በዓይኔ አይቻለሁ፤ እኔው ግቢ ውስጥ፣ በማስቲሽና በሞኬት። ባለሙያ ሳልባል አልሞትም ያለው ወንድሜ፣ ለዚያች ስም ከንፈሩ የተቃጠለው፣ የሰው ሻይ ሲያመላልስ ወጣትነቱ ያለፈው ወንድሜ፣ ሾፌሩ ሁሉ ፊት «አልቻልኩም» አለ። ለእኔም አልደወለልኝም፤ አልነገረኝም።

ሌላ ጊዜ ቢሆን ወንድሜን በክፉ ያነሳ ሰው ከእኔ ሱቅ በሰላም አይወጣም። ያን ቀን ግን እውነቱን ብናገር ዘመነ በማግስቱ «አጥፋልኝ» ብሎ መኪናዋን መልሶ ይወስድለታል። ውሃውን ዘረጋሁለት።

«እሱን ደግሞ ማን ባለሙያ አለው ልጄ?» አልኩት። «ዱሮም ሽቦ ቀጣይ ነው።»

ዘመነ ስቆ ውሃውን ተቀበለኝና ወጣ። መኪናዋን አስነሳ፤ ዘፈኑን ከፈተ። እኔ ፊቴን ወደ መደርደሪያው አዞርኩ፤ ጀርባዬን ለመንገዱ ሰጥቼ፣ ኩርባውን እስክታልፍ ድረስ ሰማኋት።